ሳይጠየቁ ይቅር ማለት



በ2003 ዓ.ም. የሀገራችን የሃይማኖት መሪዎች ማንም በቀላሉ የማይደፍረውን ነገር ጀመሩ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን አባቶች አንድ ላይ ሆነው፣ በቀይ ሽብርና በሌሎች ግድያዎች ተከሰው ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት አማላጅ ሆኑ። ከእስረኞቹም አንዳንዶቹ ቀደም ብለው የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ የሚጠይቁበት መድረክ እንዲሰጣቸው አመልክተው ነበር። ከተጎጂ ቤተሰቦች ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። የልጃቸው አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ያዩ እናቶች ገና በሕይወት ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ሰዎችን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረው በአመክሮ ወጡ።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይቅርታም ሆነ በምሕረት እንዳይታለፍ ይከለክላል፤ የሞት ፍርድን ግን ርእሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊያወርደው ይችላል። የተደረገውም ይኸው ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሕጉ አይደለም። በዚያ ሰሞን በየቤቱ፣ በየቡና ሥርዓቱ፣ በየለቅሶ ቤቱ የተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱን ነው ይዤ የመጣሁት። ክርስቲያን የሆነች እናት፣ ልጇን የገደለው ሰው አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አጥፍቻለሁ ሳይላት፣ ይቅር ልትለው ትገደዳለች ወይ?

መልሴን አልደብቅም። ይህ ጥያቄ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይመለስም። በዳዩ ከጠየቀኝ፣ ያለ ንስሐ ምንም ተስፋ የለህም እለዋለሁ። ተበዳይዋ ከጠየቀችኝ፣ የእርሱን ንስሐ እየጠበቅሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ እላታለሁ። ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው፣ ተበዳይዋን ይቅር በይ ለማለት ፈልጎ ከጠየቀኝ ግን አንተ መጀመሪያ ዝም በል እለዋለሁ። በሀገራችን ጥያቄውን አዘውትሮ የሚያነሣው ይህ ሦስተኛው ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

መጽሐፉን እንክፈት። በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ጎራ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። አንደኛው ጎራ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 17 ያወጣል። እዚያ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው ትእዛዝ፣ ወንድም ሲበድል እንዲገሥጹት፣ ከተጸጸተም እንዲተዉለት ነው፤ በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ በድሎ ሰባት ጊዜ ቢመለስ እንኳ። ጸጸት በግልጽ ተጠቅሷል። ሌላው ጎራ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 11 ያወጣል። እዚያ ደግሞ ሰው ለጸሎት ሲቆም በማንም ላይ የያዘው ነገር ካለ እንዲተው ታዟል። በዳዩ በአጠገቡ የለም፤ ተጸጸተ አልተጸጸተም የሚል ቃልም የለም።

የተለመደው ነገር አንዱን ጥቅስ በሌላው መምታት ነው። ሁለቱን ቦታዎች ረጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ትዕይንታቸው የተለያየ ነው። በሉቃስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ በድሏል፣ አንዱ ተበድሏል፣ በመካከላቸው ነገሩ በስሙ ተጠርቶ ይነገራል። በማርቆስ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን በፈጣሪው ፊት ቆሟል። በዳዩ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ማዶ ሊኖር ይችላል፤ በጎረቤት እየኖረ እየሳቀ ሊሆን ይችላል። ጸሎቱ ግን ዛሬ ነው፤ እስኪመጣ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ከዘመናችን አንድ ፈሊጥ ጋር መጣላት አለብኝ። በራዲዮ፣ በአነቃቂ ንግግሮች፣ አሁን አሁን በስብከትም ጭምር፣ ይቅር የምትለው ለራስህ ጤና ነው ሲባል እንሰማለን። ደም ግፊትህ ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይወስድሃል፣ ሸክም ይቀልልሃል ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ አልክድም። ወንጌል ግን ይቅርታን ለእንቅልፍ መድኃኒት አላዘዘውም። ቂምን መተው ማለት በበዳዩ ላይ ያለኝን የበቀል መብት መልቀቅ፣ ለእርሱም መልካም መመኘት ነው፤ ነገሩ ወደ እርሱ ያመለክታል። ሰውየውን ጨርሶ ከሐሳቤ አውጥቼ በሰላም ብተኛ ጥሩ ዕረፍት አግኝቻለሁ፤ ይቅር ማለቴን ግን እጠራጠራለሁ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ዮሴፍ ነው፤ ስለዚህ እርሱ ዘንድ ትንሽ እንቆይ። ወንድሞቹ በ17 ዓመቱ ገደማ በ20 ብር ለነጋዴዎች ሸጡት። እንሽጠው ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ይሁዳ ነበር። ከባርነትና ከእስር ቤት በኋላ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ። የጥጋቡ ዘመን ሳያልቅ ሁለት ልጆች ወለደ፤ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ ሲጠራው ያን ሁሉ መከራ እግዚአብሔር እንዳስረሳው ተናግሮ ነው። ልብ አድርጉ፤ ወንድሞቹ በዚያን ጊዜ የግብፅን አፈር አልረገጡም። መልእክት አልላኩም፣ ካሳ አላመጡም፣ በሕይወት መኖሩንም አያውቁም። ዮሴፍ ግን ቂሙን ያኔውኑ አስቀምጦታል።

ከዚያ ረሃብ ሆነና መጡ። መሬት ድረስ ሰገዱለት፤ እነርሱ አላወቁትም፣ እርሱ ግን አወቃቸው። ቂም የቋጠረ ሰው ቢሆን የሚጠብቀው ቀን ይህ ነበር። ዮሴፍ እህል ሰጣቸው፤ የከፈሉትንም ብር በየጆንያቸው አስመለሰላቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም የጸጸት ቃል አልነገሩትም። ነገር ግን ማንነቱንም አልገለጠላቸውም። ስምዖንን ይዞ አስቀረ፤ ትንሹን ወንድማቸውን ብንያምን እንዲያመጡ አዘዘ፤ ሲያመጡትም የብር ጽዋውን በብንያም ጆንያ ውስጥ አስደበቀ። ሰባኪዎቻችን ይህን ክፍል ቶሎ ይሮጡበታል፤ የዮሴፍን ደግነት የሚያጎድፍ ይመስላቸው ይሆናል። እኔ ግን የነገሩ ዋና እዚህ ነው እላለሁ። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ልቡን ከፍቷል፤ ቤቱን ግን ገና አልከፈተም። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ከመካከላቸው ደካማውን ለመሸጥ ዝግጁ መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ብንያም በእጃቸው ነው ያለው።

ስለ ጥፋታቸው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሰማቸው። የሚያናግራቸው በአስተርጓሚ ስለነበር ይሰማናል ብለው አልጠረጠሩም። ዞር ብሎ አለቀሰ፤ ያኔም ግን ራሱን አልገለጠም። የገለጠው ይሁዳ ወጥቶ በብንያም ፈንታ ባርያ ሆኖ ለመቅረት ራሱን ባቀረበ ጊዜ ነው። ወንድሙን የሸጠው ሰው አሁን ስለ ወንድሙ ራሱን ይሰጣል። ንስሐ በእንባ ብቻ አይለካም፤ ያው ሰው ያው ፈተና ሲገጥመው ሌላ ነገር ሲያደርግ ይታያል። ያን ጊዜ ዮሴፍ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ እየጮኸ አለቀሰ።

ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። አባታቸው እንደተቀበረ ወንድማማቾቹ ፈሩ፤ አሁንስ ይበቀለናል አሉ። መልእክተኛ ልከው፣ በፊቱም ወድቀው፣ በደላችንን ተወው ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ይቅርታ ጠየቁ። ዮሴፍ ይህን ሲሰማ እንደገና አለቀሰ። አስቡት፤ 17 ዓመት ሙሉ እጁን ዘርግቶ አብልቷቸዋል፣ በጌሤም ምድር አስቀምጧቸዋል፣ ልጆቻቸውን አሳድጎላቸዋል። ይቅርታው ሙሉ ሆኖ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እነርሱ ግን አልኖሩበትም። በደላቸውን ፊት ለፊት ተናግረው ስለማያውቁ፣ የተሰጣቸውን ይቅርታ በአባታቸው ሽበት የተገዛ ጊዜያዊ ጸጥታ አድርገው ቆጠሩት።

እንግዲህ የእኔ መልስ ከዚህ ይወጣል። ንስሐ የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከተበዳይ ዘንድ የሚገዛ ዕቃ በሆነ ነበር። ነገር ግን በዳይ የተሰጠውን ይቅርታ ሊቀበልበትና ሊኖርበት የሚችለው በንስሐ ነው። ተበዳዩ አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል፤ በዳዩ ሳይመለስ ሊቀበል አይችልም።

ወደ መስቀሉ እንሂድ፤ መሄዳችን አይቀርምና። ጌታ ለሰቀሉት ሰዎች አባቱን እንደለመነ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ተጽፏል። ይህ ቃል በአንዳንድ ጥንታውያን የግሪክ ብራናዎች ላይ አይገኝም፤ ሊቃውንት ስለ እርሱ ብዙ ጽፈዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ከጥንት ጀምሮ ስታነበው ኖራለች፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 የእስጢፋኖስ ጸሎትም ተመሳሳይ ነው። ይቅርታ ያለ ንስሐ የሚሉት ወንድሞቻችን ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል ይላሉ። እኔ ግን ወደ ጰራቅሊጦስ ቀን እወስዳቸዋለሁ። ከዚያ ዓርብ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በዚያችው በኢየሩሳሌም፣ ጴጥሮስ በሕዝቡ ፊት ቆመ። ዓርብ ዕለት ተለምኖላችኋልና በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ አላላቸውም። ያደረጉትን ነገር በስሙ ጠርቶ ነገራቸው፤ ልባቸው ተነካ፤ ምን እናድርግ ሲሉትም ንስሐ እንዲገቡ ነገራቸው። በዚያ ቀን 3,000 ያህል ሰዎች ተጨመሩ። ልመናው ቀደመ፤ ንስሐውም ከኋላው መጣ። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

እስጢፋኖስን ሲወግሩ የወጋሪዎቹን ልብስ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ሳውል ይባላል። አውግስጢኖስ በአንድ ስብከቱ እንዳስተማረው፣ እስጢፋኖስ ባይጸልይ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ጳውሎስን ባላገኘች ነበር። እስጢፋኖስ ግን ይህን ሳያይ ሞቷል። ሰውየው ይመለሳል ብሎ አስልቶ አልጸለየም።

ይህ ሁሉ የጥንት ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚል ካለ ወደ ቅርቡ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015 በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርለስተን ከተማ ባለው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን ለረቡዕ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተሰብስበው ነበር። አንድ ነጭ ወጣት ገባ። ቦታ ሰጡት፤ ከእነርሱ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ሽጉጡን አውጥቶ ዘጠኙን ገደለ። በሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ተነሥተው ይቅር ብለንሃል አሉት፤ ንስሐ ግባም ያሉት ነበሩ። ከእርሱ አንድም የጸጸት ቃል አልተሰማም። በኋላም በእስር ቤት በጻፈው ማስታወሻ እንደማይጸጸት ገልጿል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይታየኛል፤ ሦስቱም አብረው ካልተያዙ ነገሩ ይበላሻል። ይቅር ያሉት ሰዎች ቃላቸው እውነተኛ ነበር፤ ማንም አላስገደዳቸውም፤ የበዳዩንም ጸጸት አልጠበቁም። ፍርዱ ግን በዚህ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዳኞቹ ሞት ፈረዱበት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ባይደን በፌዴራል ደረጃ ሞት ከተፈረደባቸው 40 ሰዎች የ37ቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ሲለውጡ ካስቀሯቸው ሦስቱ አንዱ እርሱ ነው። ስለ ሞት ቅጣት ያለኝ አሳብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይቅርታ ፍርድን እንደማያፈርስ ግን እዚህ ይታያል። ሦስተኛው ነገር፣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች መካከል እኛ ገና ይቅር አላልንም ያሉ ነበሩ። ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ግን ይቅር ያሉትን ብቻ እያሳየ አመሰገነ። ጥቁር ጸሐፊዎች በዚህ ተቆጡ፤ በአሜሪካ ሲገደል ቶሎ ይቅር እንዲል የሚጠበቀው ሁልጊዜ ጥቁር ሰው ብቻ ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቁጣቸው ልክ ነው። የአንዷ ሴት ነጻ ስጦታ ለሌላዋ ሴት ግዴታ ሲደረግ ስጦታነቱ ይጠፋል።

በፔንሲልቬኒያም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 አንድ ሰው የአሚሽ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ገብቶ አምስት ሴት ልጆች ከገደለ በኋላ ራሱን አጠፋ። አሚሾቹ ወዲያው ወደ ገዳዩ ሚስትና ወላጆች ሄደው አጽናኗቸው፤ ከቀብሩም ላይ ተገኙ። ጸጸት የግድ ቢሆን ኖሮ ለሞተ ሰው ማን ይጸጸትለት ነበር?

አሁን ሌላውን ወገን በሚገባ ልስማው፤ ደካማ አይደለምና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከምሥጢራት አንዱ ነው። ሰው የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ኃጢአቱን ይናገራል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ከዚያ ይፈታል። የሰረቀ የሰረቀውን ሳይመልስ ሰግጃለሁ፣ ጾሜያለሁ ቢል አያልፍለትም። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ ዝም ብሎ ምሳ አላቀረበም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። በስቅለት ቀን ምእመናን በካህናቱ ፊት ቀርበው ኃጢአታቸውን ሲናገሩ፣ በወይራ ቅጠል እየተመቱ የስግደት ቁጥር ሲቀበሉ አይታችኋል። ጌታ ስለ ሁሉም ሞቷል ከተባለ ይህ ሁሉ ለምን? የሞተበትን ነገር የእኔ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

ጀርመናዊው ቄስ ዲትሪክ ቦንሆፈርም በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ንስሐን ሳይጠይቅ ይቅርታን የሚያድል ስብከት ጸጋን ርካሽ ያደርጋል ሲል ተቃውሟል። ይህን የጻፈው ቤተ ክርስቲያን ለሂትለር ስታጎነብስ እያየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ናዚዎች ሰቀሉት። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር መስማት ይገባል። እርሱ የተናገረው ግን ጥፋቱን ሳያምን እፎይ ለሚል በዳይና ይህን ለሚያድለው ሰባኪ ነው። ልጇ ለተገደለባት እናት አልነበረም።

ንስሐ ግዴታ ነው ለሚሉት አንድ ችግር አነሣባቸዋለሁ። ጸጸትን ማን ይመዝናል? ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሕግ ስታወጣ፣ ምሕረት የሚሰጠው ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ ለነበረውና እውነቱን ሙሉ በሙሉ ለተናገረ ሰው ነው አለች እንጂ ተጸጽቻለሁ ማለትን አልጠየቀችም። በዳኛ ፊት ማልቀስን የሚችል ሰው ብዙ ነው። ይልቁንም እውነቱን ንገረኝ ማለት ይሻላል፤ ልጄን የት ቀበርከው የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

ሌላም አለ። ከጠባችን የሚበዛው አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ ጥፋተኛ የሆነበት አይደለም። ሁለቱም እኔ ነኝ የተበደልኩት የሚሉበት ነው። ያን ጊዜ ንስሐ ይቅደም ከተባለ ሁለቱም ተቀምጠው ይጠባበቃሉ። የገዛ ሲኖዶሳችንን አስታውሱ። አቡነ መርቆሬዎስ በ1983 ዓ.ም. ከመንበራቸው ከወረዱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአዲስ አበባና በስደት ተከፍላ፣ አባቶች ተወጋግዘው፣ በዋሽንግተን፣ በለንደንም ሆነ በሌላው ዓለም ያሉ ምእመናን በአንድ ከተማ ውስጥ በሁለት ጎራ ተለያይተው ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ። ወላጅ በአንዱ፣ ልጅ በሌላው የሚያስቀድስበት ቤት ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ታረቁ፤ ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ጥፋተኛው ማን ነበር የሚለው መጀመሪያ ይለይ ቢባል ኖሮ ዛሬም አንታረቅም ነበር።

ስለ ደርግ ባለሥልጣናት የጀመርኩትንም እንዲሁ አልተወውም። አባቶችን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ እነርሱም ተበዳዮች ነበሩ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ አቡነ ቴዎፍሎስ ይቅር ብያለሁ ብትል የራሷን በደል ነው የምትተወው፤ ሙሉ መብት አላት፤ ንስሐም መጠበቅ አይኖርባትም። በካዛንቺስ ወይም በጎንደር ልጇ ስለተገደለባት እናት ግን ይቅር ልትል አትችልም። ያ ደም የእናትየው ነው። ማማለድ ይቻላል፤ ወክሎ ይቅር ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው መጣሁ። ባህላችን ትልቅ የእርቅ ባህል ነው፤ እኮራበታለሁ። በደም በተቃባ ቤተሰብ መካከል ሽማግሌ ገብቶ፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ካሳ ቀርቦ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ የሚለያየው ወገን ስንት የሚቀጥል ደም አድኗል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ድንጋዩን የሚሸከመው በዳዩ ነው። አሁን አሁን ግን፣ በተለይ በከተማና በባልና ሚስት ጠብ፣ ድንጋዩ ወደ ተበዳይዋ ጀርባ እየዞረ ነው። ባሏ ጥርሷን የሰበረባት ሴት ቤት ሽማግሌ ይሄዳል። እባክሽ ልጄ፣ ለልጆችሽ ስትይ፣ ለእግዚአብሔር ብለሽ ይላታል። እምቢ ስትል ልበ ደንዳና ትባላለች፤ አባታችን ሆይ ብለሽ አትጸልዪም ወይ ትባላለች። ባልየው ሌላ ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል። የተናገረው ነገር የለም፤ የተገሠጸውም ነገር የለም። ማታ ይታረቃሉ፤ በወሩ ሌላ ጥርስ ይሰበራል።

እነዚህ ሽማግሌዎች ይቅርታ ቅድመ ሁኔታ የለውም የሚለውን ትምህርት በደንብ ያውቁታል። የሉቃስ ምዕራፍ 17ን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ግን ረስተውታል። ከጸጸቱም፣ ከይቅርታውም በፊት የታዘዘው ተግሣጽ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18ም ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የበደለውን ሰው ብቻውን ማነጋገር፣ አልሰማም ካለ ምስክር ይዞ መሄድ፣ ያም ካልሆነ ለጉባኤ መንገር ተደንግጓል። ሰባ ጊዜ ሰባት የሚለውን በቃላችን ይዘን ይህን መዝለላችን በአጋጣሚ አይመስለኝም። መገሠጽ ያስፈራል፤ በዳዩ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ወይም ሥልጣን አለው። ተበዳይን መለመን ግን አያስፈራም።

የተበደለችው ሴት ቂሟን ለእግዚአብሔር ብላ ትተው ይሆናል፤ በጸሎቷ ለባሏ በጎ ትለምን ይሆናል። ይህን ሁሉ አድርጋ ወደዚያ ቤት ላትመለስ ትችላለች። ዮሴፍም ቂሙን ከተወ በኋላ ወንድሞቹን መፈተኑ ክፋት አልነበረም። ይቅር ብያለሁ ያለችን ሴት ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሽውን ቃል ካላነሣሽ ይቅርታሽ ሐሰት ነው ማለት ወንጌሉን ለበዳይ ጥብቅና ማስቆም ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እንድትረሳ አልታዘዘችም።

አንድ ወንድሜ፣ ተበዳይ ያለ ንስሐ ይቅር ካለ በዳዩን ማደፋፈር አይሆንም ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ይሆናል፣ ዝም ብሎ ከተደረገ። ተበዳይ ግን፣ ይህን ክፉ ነገር አድርገህብኛል፣ ክፋቱንም አልሸፍንልህም፣ በቀሌን ግን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ ቢል፣ በዳይ ከዚህ ቃል የሚያገኘው ምቾት የለም። ይቅርታ ከሁሉ በፊት ክስ አለበት። ያልበደለን ሰው ማንም ይቅር አይለውም። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ በዳዮች ይቅርታን አሻፈረኝ የሚሉት፤ መቀበል ጥፋትን ማመን ስለሆነ።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከወጣችሁ በኋላ ለእርቅ የምትጠሩ አባቶችና እናቶች፣ ቄሶችና ፓስተሮች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወደ ተበዳዩ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መጀመሪያ ወደ በዳዩ ቤት ሂዱ። ያደረገውን በስሙ ጥሩለት፤ ከአፉ እስክትሰሙም ከዚያ አትነሡ። ወደ ተበዳዩ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስትሄዱም በዳዩን ከፊታችሁ አስቀድሙት። አልመጣም ካለ ለተበዳዩ እውነቱን ንገሩት፤ ሄደን ነበር፣ አላመነም በሉት። ከዚያ በኋላ ይቅር ማለት አለማለት በእርሱና በእግዚአብሔር መካከል ነው፤ እናንተ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።